ዓይንን የሚመራ ድምፅ

በሲኒማ አዳራሽ የተቀመጠ ተመልካች የሚያየው የፊልሙ አዘጋጅ መርጦ ያቀረበለትን ብቻ ነው። ሸራው ከፊቱ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጨለማ ነው። በዓይን ላይ በሚጠለቅ መሣሪያ በሚታየው፣ ቨርችዋል ሪያሊቲ በሚባለው ፊልም ግን ሸራ የለም። ትዕይንቱ ተመልካቹን በ360 ዲግሪ ይከበዋል፤ ተመልካቹም ወደ ፈለገው አቅጣጫ ዞሮ ማየት ይችላል። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነፃነት ነው። ተመልካቹ በመስኮቱ መጋረጃ ሲመሰጥ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከጀርባው በር ከፍቶ ይወጣል፤ ታሪኩም ያመልጠዋል።

አንዳንድ አዘጋጆች ይህን ለማስቀረት በምስሉ ላይ ቀስት ያስቀምጣሉ፤ ሌሎችም ትዕይንቱን ራሱን ያዞሩታል። ሁለቱም የሚያስመሰግኑ አይደሉም። ቀስቱ የታሪኩን ስሜት ያቋርጣል፤ ማዞሩ ደግሞ ተመልካቹን ያጥወለውላል። ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው መሪ ድምፅ ነው።

ዓይን ከኋላ ያለውን አያይም፤ ጆሮ ግን ከየአቅጣጫው ይሰማል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ የሚደርሰው ከግራው ቀድሞ ነው። የጊዜው ልዩነት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ሆኖም አንጎል ይህችኑ ልዩነት፣ እንዲሁም በሁለቱ ጆሮዎች የሚሰማውን የድምፅ ጉልበት አመዛዝኖ ምንጩን ይለያል። መሣሪያውም የራስን እንቅስቃሴ እየተከታተለ ድምፁን ስለሚያስተካክል፣ ተመልካቹ ወደየትም ቢዞር የበሩ ሲጥሲጥታ ከበሩ ዘንድ አይነቃነቅም።

የድምፅን ኃይል አጉልተው ካሳዩት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የቀረበው «ኖትስ ኦን ብላይንድነስ፦ ኢንቱ ዳርክነስ» ነው። መነሻው ጆን ሃል የተባሉት የሥነ መለኮት ምሁር የዓይን ብርሃናቸውን ካጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በካሴት የቀረጹት ማስታወሻ ነው። በዚህ ሥራ የሰዎችና የነገሮች ቅርጽ ከጨለማው ብቅ የሚለው በሚያሰሙት ድምፅ ነው። ድምፅ የምስል አጃቢ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ አሳባቸውን ሳይለውጡ አይቀሩም።

እርግጥ ነው፣ ድምፅም ከመጠን ሲያልፍ ይሰለቻል። በየደቂቃው ከኋላው የሚጠሩት ተመልካች መዞሩን ይተዋል። ስለዚህ አስተዋይ አዘጋጅ አስቀድሞ ጸጥታን ያሰፍናል፤ ከዚያም አንድ ድምፅ ብቻ ያሰማል። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ሰው ግን ይህም አይበቃውም። የብርሃን ወይም የጥላ ምልክት ካልታከለለት፣ የተከፈተው በር በየት በኩል እንዳለ ለመለየት ይቸገራል።