ገመድ የሌለው ተራራ ወጪ

ነገሩ በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው። ጭሮ ዝናብ ይዟታል። (ጭሮ ስል አሰበ ተፈሪን ማለቴ ነው። እኛ የከተማው ሰዎች በአንድ ወሬ መሃል ሁለቱንም ስም ስለምናቀላቅል አንባቢ አይደናገርብኝ።) ትምህርት ቤት ከመጋቢት 7 ጀምሮ ዝግ ነው። እኔም ጠመኔ ከጨበጥኩ አራት ወር አልፎኝ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጎርፍ ሳይ ስልኬ ጮኸ። ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ ነበር።

"አለቀልን እኮ!" አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ያን ጊዜ ከውጭ የሚደወል ስልክ ሁሉ መርዶ መርዶ ይሸት ነበርና ክው አልኩ። "ማን ነው?" አልኩት።

"ካሊምኖስ! ካሊምኖስ ቀረ!"

የሰው ስም መስሎኝ "ነፍስ ይማር" ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ለካስ ካሊምኖስ የግሪክ ደሴት ናት። ልጃችን ቅዳሜና እሁድ እየጠበቀ ገመድ ታጥቆ ገደል የመውጣት ሱስ ይዞት ኖሯል። ለዚህ ለዐለት መውጣት ደግሞ ካሊምኖስ በዓለም ከታወቁት ቦታዎች አንዷ ናት። አውሮጳውያኑ እ.ኤ.አ. ማርች 2020 በራቸውን ዘጉ። በጁላይ ወር ሲከፍቱ አሥራ አምስት ገደማ አገሮችን መርጠው ነው፤ አሜሪካ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባችም። "እስቲ አስበው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዤ!" አለኝ። ድምፁ ውስጥ የነበረው እልህ ሳይሆን ግርምት ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በር ተዘግቶበት ማንኳኳት ግራ ገብቶታል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ዕቅድ ስናወጣ ቆየን። ስናወጣ ስል እሱ ሲያወጣ፣ እኔ "እህ" ስል ማለቴ ነው። በአንድ ሦስተኛ አገር በኩል ዞሮ፣ እዚያ አሥራ አራት ቀን ተቀምጦ ቢገባስ? ክሮኤሽያስ? ክሮኤሽያ በዚያ ወር ለአሜሪካውያንም ከፍታ ነበር። የሚጠየቀው ማረፊያ የያዙበት ወረቀትና የአርባ ስምንት ሰዓት ዕድሜ ያለው "ነፃ ነህ" የሚል የምርመራ ውጤት ነው። ፓክሌኒካ የሚባል የዐለት ሸለቆም አላት። አገር ቤት መምጣትንም አንስቶልኝ ነበር። "ገራልታ ምን የመሰለ ድንጋይ አለ መሰለህ!" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እኛ አገር ዐለት የሚወጣው ለጸሎት ነው። አቡነ የማታ ጉኅ በባዶ እግር ይወጡታል፣ ደብረ ዳሞ በጠፍር ገመድ ተንጠልጥለው ይገቡታል፣ የእኛው አሰቦትም ቢሆን ተራራው ላይ ያለው ገዳም ነው። ለጨዋታ ብሎ የሚወጣ ሰው ቢመጣ መነኮሳቱ ምን እንደሚሉት አላውቅም። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረና የገራልታው ነገር በዚያው ቀረ። እሱም ክሮኤሽያን መርጦ፣ መስከረም ላይ ሄዶ ወጥቶ ወረደ። እሰየው!

እንግዲህ እዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። በዚያው ሳምንት ግን አንዲት እናት ደጄ መጡ። አዴ ብዬ ነው የምጠራቸው። እሳቸው "ባርሲሳ" ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። ልጃቸውን አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ሒሳብ ይችላል፣ መፎካከር ይወዳል፣ ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቱ ዘንድ ገጠር ወረደ። አሁን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በሚኤሶ በኩል አድርጎ ሄዷል። የት? ታህሪብ ነዋ። ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ።

እኔ የተማርኩት ሰውዬ ምን ብል ጥሩ ነው? "አዴ፣ ድንበሩ እኮ ዝግ ነው!"

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝና፣ "ለነሱ ተከፍቶ ያውቃል እንዴ?" አሉኝ።

ይህችን መልስ ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝም እሷ ናት።

ከወዲሁ ላስታውቅ፤ እኔ "ለምን ተዘጋ?" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። መጋቢት 14 የየብስ ድንበር ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥ ተከለከለ፣ አውቶቡስ በግማሽ ጫነ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ከጭሮ ሂርና ለመሄድ እጥፍ ከፍዬ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ አላማረርኩም። አዋጁን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በሽታው ቀልድ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ሲገባ አያቶቻችን ያዩትን ሰምተን ያደግን ነን፤ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው ሳይጨርስ እንዳልቀረ ታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ዛሬም ህዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻ የምናጥነው በዚያ ምክንያት ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። የተዘጋ በር ሲከፈት ለማን ተከፈተ? ለአክስቴ ልጅ የተከፈተው በሁለት ወረቀት ነው። ለአዴ ልጅስ የትኛውን ወረቀት ይዞ ቢመጣ ይከፈትለት ነበር? እስቲ አንድ ሰው ይንገረኝ! በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ሰው ስምምነት ወዳለባቸው አገሮች መሄድ ይችላል ይል ነበር። መልካም። ልጁ ስምንተኛን አልፏል። ግን በዚያ በር በብዛት የሚፈለገው የቤት ሠራተኛ፣ ያውም ሴት ልጅ ነው። እናም ለጨርጨር ጎረምሳ ሕጋዊው መንገድ ሥዕል ላይ ያለ ዳቦ ነው።

ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር የመን የገቡትን ሲቆጥር በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 138 ሺህ፣ በ2020 ደግሞ ወደ 37 ሺህ 500 አግኝቷል። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የሚነሱትም ጥቂት አይደሉም። ቁጥሩ ሲወርድ "ተመስገን፣ ልጆቻችን ልብ ገዙ" ያለ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልብ ገዝተው መስሎት! ከፊሎቹ ኦቦክ በረሃ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተዘግተው ቀርተዋል። የመን የነበሩት ደግሞ "በሽታ አምጪ" ተብለው ተባረዋል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የሁቲ ኃይሎች ሰሜን የመን ላይ የነበሩትን በጥይት እያባረሩ ወደ ሳዑዲ ድንበር እንደነዷቸው፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ የድንበር ጠባቂዎች እንደተኮሱባቸው ሂዩማን ራይትስ ዎች ጽፏል። ሳዑዲም በዚያው ሰሞን በአውሮፕላን ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ መልሳ አዲስ አበባ አራገፈች፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች "ኧረ በወረርሽኝ መሃል ሰው እንዲህ አይጓጓዝም!" ብለው እስኪለምኑ ድረስ። ልብ በሉልኝ። አንዱ ለመውጣት ሁለት ወረቀት ሲያሟላ፣ ሌላው ያለምንም ወረቀት ተጭኖ ይመለሳል። ዕገዳው ለመባረር አይሠራም ማለት ነው።

አንድ የማከብረው ወዳጄ ይህን ሳነሳበት፣ "ሕይወቱን ለአደጋ ያጋለጠው ራሱ ነው፤ ማን ሂድ አለው?" አለኝ። ጥሩ። የአክስቴንስ ልጅ ማን ሂድ አለው? ሦስት መቶ ሜትር ገደል ላይ በጣቱ ጫፍ የተንጠለጠለ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ አላጋለጠም? እሱን "ጀግና" እንለዋለን፣ ፎቶውን ለዘመድ እናሳያለን። ያኛውን "ሕገ ወጥ ስደተኛ" እንለዋለን። የመጀመሪያው ቢወድቅ ሄሊኮፕተርና ኢንሹራንስ አለው። ሁለተኛው ቢወድቅ ስሙም አይታወቅ። ልዩነታቸው ድፍረት አይደለም፤ ገመዱ ነው።

የስሙ ነገር ካልቀረ አንድ ላንሳ። ከአሰበ ተፈሪ መቆርቆር ጋር ስማቸው የሚነሳው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ከሩሲያውያን ጋር ባሕር ተሻግረው ሄዱ። ተምረው ተመለሱና ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ባሕር የተሻገረ የሐረርጌ ልጅ ሁሉ ተክለ ሐዋርያት ይሆናል አላልኩም። ግን "አገሩን የጠላ" የምንለው ለምን የደሃውን ልጅ ብቻ ሆነ?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ እኔም አለሁበት። ከተማችን ውስጥ በየጊዜው "የሕገ ወጥ ስደት አስከፊነት" የሚል የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል። ባነር ይሰቀላል፣ ውኃ በፕላስቲክ ይታደላል፣ አንድ ሰው ከላፕቶፑ ላይ የሰመጠ ጀልባ ያሳየናል፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ አበል። አበሉን ፈርሜ ተቀብያለሁ፤ አልዋሽም። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ወጣት እጁን አወጣና፣ "ግንዛቤውን ጨበጥን። ሌላ የሚጨበጥ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ሳቀ። መልስ የሰጠው ግን አልነበረም። "ጥያቄው ተይዟል" ተባለ። እስካሁን እንደተያዘ ነው።

የሚጨበጥ ነገር የት ይምጣ? የጨርጨር ደጋ ላይ መሬቱ ቁልቁለት ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው። አባት የነበረውን ማሳ ለአምስት ወንድ ልጅ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት የጫት መደዳ ነው። ቡናው እየተነቀለ ጫት የሚተከለው ገበሬው ቡና ጠልቶ አይደለም፤ ጫቱ ቶሎ ቶሎ ገንዘብ ስለሚሰጠው ነው። ገለምሶ ሂዱ፣ በዴሳ ሂዱ፣ መቻራ ሂዱ፣ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ስታዩ "የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ልጁ ሳዑዲ ነው" ትባላላችሁ። ጎረቤትየው ይህን እያየ ለልጁ "እሱን አታይም?" ይለዋል። ደላላው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ግን ጥፋቱን ሁሉ በደላላው ላይ ደፍድፈን ወደ ቤታችን እንገባለን።

በነገራችን ላይ ያቺ ካሊምኖስ የምትባለው ደሴትም እንዲሁ ነበረች። ወንዶቿ ከባሕር ሥር ሰፍነግ ለማውጣት ጠልቀው ሽባ ሆነው ይወጡ ነበር፤ ብዙዎቹም ተሰደው ፍሎሪዳና አውስትራሊያ ገቡ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ወዲህ ግን ያው ሜዳ ያሳጣቸው ዐለት የውጭ ሰው እየጠራ እንጀራ ሆናቸው። እኛስ? የኩኒ ሙክታር የተራራ ኒያላ መጠለያ ከጭሮ ምን ያህል ይርቃል? ስንቶቻችን አይተነዋል? በየመድረኩ ስለ ሰመጠ ጀልባ ከሚታየው ሥላይድ አንዱን ለዚህ ብናውለው ምን ነበረበት?

ልጁ ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. ነው። ኦቦክ ላይ ወራት ቆይቷል፣ የመን ላይ አጋቾች ይዘውት እናቱ ሁለት በሬና የጫት ማሳ ሸጠዋል፣ ከዚያ ድንበሩ ተራራ ደርሷል። ስለዚያ ተራራ ዓለም የሰማው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ዘገበ። ሳዑዲ መሠረተ ቢስ ነው ብላ አስተባበለች። የእኛ ልጅ ስለ ሪፖርቱ የሚለው ነገር የለውም። የሚናገረው በጨለማ በፕላስቲክ ጫማ ዐለት ሲወጣ ድንጋይ ተንዶ እንደጣለውና እግሩ እንደተሰበረ ብቻ ነው። ዛሬ መናኸሪያው ጥግ የሞባይል ካርድና ማስቲካ ይሸጣል። ያነክሳል።

አንድ ቀን የአክስቴን ልጅ ፎቶ አሳየሁት። ሄልሜት፣ መታጠቂያ፣ ሁለት ዓይነት ገመድ፣ ጫፉ ሹል ጫማ፣ የእጅ ዱቄት። ፎቶውን በጣቱ እያሰፋ ረጅም ጊዜ አየው።

"ላይ ሲደርስ ምን አለ?" አለኝ።

"ምንም። መልሶ ይወርዳል።"

"ምንም የለም?"

"የለም።"

"ፓ!" አለና ስልኩን መለሰልኝ። ቅናት እንኳ አልነበረበትም፤ አልገባውም።

ባለፈው ሰሞን አዴ እንደገና መጡ። አሁን ደግሞ ታናሹ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ስለ ኦቦክ መንገድ ወንድሙን እየጠየቀ ነው። "ባርሲሳ፣ አንተን ይሰማሃል፣ ምከርልኝ" አሉኝ። ሄድኩ። ስለ ትምህርት ጥቅም የምችለውን ሁሉ አወራሁ። ልጁ በጨዋ ደንብ ሰምቶ ሲያበቃ፣ "ጋሼ፣ አይከፋህና ደሞዝህ ስንት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

በሚቀጥለው ሳምንት መድረክ አለ ተብሏል። ርእሱ ያው ነው፤ እኔም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ታላቁን ይዤው ልሄድና በእኔ ቦታ እሱ እንዲናገር ልጠይቅ አስቤያለሁ። ከፈቀዱ አበሉንም እሱ ይፈርም። ካልፈቀዱ ሁለታችንም ከኋላ ተቀምጠን፣ "ተይዟል" የተባለውን ጥያቄ እንደገና እናነሳለን።