ጭብጨባው ይብቃን!

ወገኖች፣ ዛሬ እስቲ በግልጽ እንነጋገር። እኛ የአሶሳ ተማሪዎች በጽሑፍ ምሽቶቻችን ላይ ማጨብጨብ እንወዳለን። ግጥሙ ቢያምርም ባያምርም፣ ዐረፍተ ነገሩ ቢቆምም ቢወድቅም እናጨበጭባለን። ይህንንም ፍቅር እንለዋለን። እኛ ግን ንቀት ነው እንላለን፤ ማስረጃችንም ይኸውና።

በአንድ ምሽት አንድ ጓደኛችን ስለ ታናሽ ወንድሙ የጻፈውን አጭር ታሪክ አነበበ። አፉን የፈታው በቤርታ ቋንቋ ነው። ልጁ ማሳ ውስጥ ከእባብ ጋር ተፋጧል፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማለን። የመጨረሻው መስመር «ወንድሜ እባብ ገደለ» አለ። ጎበዝ! ብለን አዳራሹን በጭብጨባ አናወጥነው። የአንባቢው ፊት ተለዋወጠ፤ ወረቀቱን አጥፎ ወረደ። ለካ ሊል የፈለገው «ወንድሜን እባብ ገደለው» ኖሯል! አንዲት «ን» እና አንዲት «ው» ስለጎደሉ ለሞተ ልጅ እልል አልን።

ከዚያስ? በማግስቱ ሻይ ቤት ተቀምጠን ያችኑ መስመር እየደጋገምን ሳቅን። በፊቱ አጨበጨብን፣ ከኋላው ሳቅን፤ እውነቱን ግን ማናችንም አልነገርነውም። ልጁም ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ይዞ አልመጣም።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ስንቱ በቤርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦ፣ በኮሞ ያወራል! አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ የለመደ ሰው አንዲት «ን» ቢስት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው «ለቤርታ ልጅ ጥሩ ጽፏል» የምትለዋ ሙገሳ ናት። ትርጉሟ «ካንተ ከዚህ በላይ አንጠብቅም» ነዋ!

አማርኛ አፍ መፍቻችን የሆነውስ ብንሆን? «ልቤ በኀዘን ማዕበል ተናወጠ» እያልን ገጽ እንሞላለን፤ አፋችን ስለቀና ብቻ የሚነካን የለም። ሃያሲ ነን ስንልም «ሀ»ን በ«ሐ» ለምን አልጻፍክም ብለን እንፎክራለን፤ በታሪኩ ማን ማንን እንደገደለ ሳይገባን!

ሂስ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል የሚሉ አሉ። አይፈረድባቸውም። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለሂስ» በየስብሰባው ሰው ማሸማቀቂያ ሆኖ ነበር። ያ ሂስ ሰውን ይመዝን ነበር፤ የኛ ዐረፍተ ነገሩን ይመዝን።

ሰሎሞን ደሬሳን እናስታውስ። የተወለደው በወለጋ ነው፤ አሶሳም ያኔ በወለጋ ሥር ነበረች። በ1963 ዓ.ም. የወጣው የግጥም መጽሐፉ «ልጅነት» የለመድነውን የግጥም ቅርጽ ስለጣሰ ብዙ አከራከረ። መጽሐፉ በክርክሩ ሞተ እንዴ? ይኸው ዛሬም ይነበባል። ሰው የሚከራከረው ከቁም ነገር በቆጠረው ጽሑፍ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመጪው ምሽት ጀምሮ እንዲህ ይሁን እንላለን። ሃያሲው መስመሩን ጠቅሶ፣ «እኔ ይህን ስሰማ እንዲህ ገባኝ፤ አንተ ምን ልትል ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። የሰዋስው ስሕተትን ከጸሐፊው ምርጫ ይለይ፤ ከቤርታ ወይ ከጉሙዝ አነጋገር የመጣ ውብ ምስል እንግዳ ስለሆነብን ብቻ አይሰረዝ። ጸሐፊውም ሳያቋርጥ ይስማ፣ ይመዝግብ፤ ከዚያ የሚረባውን ይውሰድ፣ የማይረባውን ይጣል። ብዕሩ የሱ ነው። ደግሞም መጀመሪያ የሚታረሙት አማርኛ አፍ መፍቻችን ነው የምንለው እንሁን! የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል ይባል የለ?

አንተም ወንድማችን፣ በድለንሃል። ታሪክህን ይዘህ ተመለስ። «ን»ዋን እንነግርሃለን፤ ከዚያ ዝም ብለን ስለ ወንድምህ እንሰማለን።