የካሜራ ድሮን አጋሰስ አይደለም

በርካሽ የካሜራ ድሮን ዕቃ ለደንበኛ ለማድረስ ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ ሂሳቡን ቢሠራ ይበጀዋል። የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ያቀረበው ማቪክ 3 ራሱ የሚመዝነው 895 ግራም ነው። አምራቹ የሚናገርለት የ46 ደቂቃ በረራም ነፋስ በሌለበትና ያለ ጭነት ነው። ጠቅላላ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን በአየር ላይ ለመቆም የሚፈልገው ኃይል ወደ 2.8 እጥፍ ያድጋል። በመሆኑም ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ነፋስ ሲመጣም መቋቋሚያ አቅም አይተርፈውም። በገመድ የተንጠለጠለ ዕቃ ደግሞ እየተወዛወዘ ሚዛኑን ያናጋዋል።

ከወደቀ ኪሳራው ሦስት ነው፦ ድሮኑ፣ ዕቃው፣ እንዲሁም ከሥር ለተጎዳ ሰው ወይም መኪና የሚከፈለው ካሣ። የዚያው ኩባንያ ፍላይካርት 30 ለጭነት የተሠራ በመሆኑ በሁለት ባትሪ 30 ኪሎ ያነሳል፤ ለክፉ ጊዜ የሚዘረጋ ፓራሹትም አለው። ዋጋው ግን ከካሜራው ድሮን እጅግ ይበልጣል። የምልልሱ ገቢ ይህን ወጪ የማይመልስለት ነጋዴ በሞተር ብስክሌት ማድረሱን ቢቀጥል ያተርፋል። አለዚያ ነገሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሆናል።