ልጄ ብስክሌተኛ ልሁን ይላል

የዛሬው ጥያቄ ከዚሁ ከእኛው ከታቦር ክፍለ ከተማ የመጣ ነው። አንዲት እናት ናት የጠየቀችኝ። ልጇ 16 ዓመቱ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ይማራል። ውጭ አገር ያለው አጎቱ ለኮሌጅ ብሎ የላከለት ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። ልጁ ታዲያ «በዚህ ገንዘብ የውድድር ብስክሌት ልግዛ» ብሎ ከአባቱ ጋር ተኳርፏል። አባት «ብስክሌት ማንን አብልቶ ያውቃል?» ይላል። እናት መሀል ቤት ቆማ፣ «እትዬ ሲስተር፣ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል? ልጄንስ በሰላም ወደ ቤት ይመልስልኛል?» አለችኝ። ሁለት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የእኔ ሙያ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ። የመጀመሪያውም ቢሆን ዝም የሚባል አይደለም።

አስቀድሜ ግን ለብስክሌት ያለኝን አድልዎ ልናገር። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ አስፋልቷ ሰፊ ነው፣ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ሲነዱ ላብ ሳይወጣ ይደረሳል። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ሠራተኛውም ተማሪውም የሚሄደው በብስክሌት ነበር። እኔም የሌሊት ተረኛ ሆኜ በብስክሌት የገባሁባቸው ዓመታት አሉ። ለስኳርም፣ ለደም ግፊትም፣ ለጉልበትም ከዚህ የተሻለ መድኃኒት በትንሽ ወጪ አይገኝም። ስለዚህ «ብስክሌት ይቅርበት» የሚል መልስ ከእኔ የሚጠብቅ አባት ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ አያገኝም።

ልጁን ቤቴ አስጠርቼ አነጋገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው። ስልኩን አውጥቶ ከጥቁር ውሃ ወደ ሻሸመኔ አቅጣጫ ሲነዳ የመዘገበውን ፍጥነት አሳየኝ። አንድ ቦታ ላይ በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ይላል። «እማማ፣ ቱር ደ ፍራንስ እኮ በአማካይ 42 ነው የሚነዱት» አለኝ። ዓይኑ ያበራል። ቁጥሩን በትክክል ነው የሚያውቀው። የማያውቀው ቁጥሩ ውስጥ ያለውን ነገር ነው። እስቲ ወላጆችም እንድታውቁት ዘርዘር ላድርገው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቱር ደ ፍራንስ በ1903 ሲጀመር አሸናፊው ሞሪስ ጋሬን በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር አማካይ ፍጥነቱ። በ2025 ታዴ ፖጋቻር ሲያሸንፍ አማካዩ 42.8 ደርሷል። ይህ ለአንድ ቀን አይደለም፤ ለ21 ቀን ውድድር፣ 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ተራራውም ቁልቁለቱም ተደምሮ ነው። የልጃችን 51 ግን ቁልቁለት ላይ፣ ምናልባትም ከአንድ አይሱዙ ኋላ ተጠግቶ፣ ለጥቂት ሰከንድ የተገኘ ነው። ከመኪና ኋላ መጠጋቱን ስጠይቀው ፈገግ አለ እንጂ አልካደም።

መጠጋቱ ለምን ፍጥነት እንደሚሰጥ ማወቅ ይጠቅማል። ብስክሌተኛ በሜዳ ላይ ሲፈጥን ከሁሉ በላይ የሚታገለው ከአየር ጋር ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ሲከፍልለት የኋለኛው ጉልበቱ ይተርፋል። ትልልቆቹ ውድድሮች ያን ያህል የሚፈጥኑትም መቶ ሰው ተጠጋግቶ እየተፈራረቀ ስለሚነዳ ነው። መንገዱም ለእነሱ ተዘግቶ ነው የሚነዱት። የእኛ መንገድ ላይ ነፋሱን የሚከፍለው ሲኖትራክ ነው፤ እሱ ፍሬን ሲይዝ የኋለኛው የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ብቻውን ነድቶ የፈጠነውን ለማየት ደግሞ «የሰዓት ክብረ ወሰን» የሚባል አለ። አንድ ሰው ብቻውን በተዘጋ ክብ መም ላይ በ60 ደቂቃ ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ ነው ነገሩ። ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ከተማዋ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቀጭን ነው ብሎ ነው። (አዲስ አበባ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች፤ የሚያስብበት ይኖር ይሆን?) ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በ2022 ስዊዘርላንድ ውስጥ 56.792 አድርሶታል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጋሪ አይገባም፣ አህያ አያቋርጥም፣ ባጃጅ ድንገት አይዞርም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ፍጥነት ሲያምር ሰው ደሙን ይነካካል። ኩላሊታችን ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘው እሱ ነው። ኩላሊታቸው የደከመና ደማቸው ያነሰ ሕሙማን በመርፌ ይሰጣቸዋል፤ ለእነሱ የሕይወት መድኃኒት ነው። ጤነኛው ብስክሌተኛ ሲወጋው ግን ደሙ ይወፍራል። የወፈረ ደም ጡንቻ ላይ ብዙ ኦክስጅን ያደርሳል፤ በዚያው ልክ የመርጋት አደጋው ይጨምራል፤ ልብና አንጎል ላይ ሊጥል ይችላል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1997 ከደሙ ውስጥ ቀይ ሕዋሱ ከ50 በመቶ ያለፈ ወንድ ተወዳዳሪ እንዳይወዳደር እስከመከልከል የደረሰው ለዚህ ነው። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያሸነፋቸው ሰባት ቱሮች በ2012 ተሰረዙበት። ለሌላ ሰውም አልተሰጡም፤ የእነዚያ ሰባት ዓመታት የአሸናፊ ቦታ ባዶ ነው። የ2005ቱ 41.6 ገደማ የሆነ አማካይ ፍጥነት እስከ 2022 ድረስ የሚበልጠው አልተገኘም ነበር። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም አለ።

ቶም ሲምፕሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ሐምሌ 1967 ሞን ቫንቱ በሚባል ተራራ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ በቱሩ መሀል ወድቆ ሞተ። 29 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር አነቃቂ መድኃኒትና አልኮል ተገኝቷል። አነቃቂው «ደክሞሃል» የሚለውን የሰውነት ማስጠንቀቂያ ያጠፋል፤ ሙቀትና የውኃ እጥረት ሲጨመርበት ልብ አይችልም። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት ብቻ አይደለም። ዛሬም በየስፖርት ቤቱ «ጉልበት ይሰጣል» እየተባለ ምንነቱ የማይታወቅ ዱቄትና ክኒን ለልጆች ይሸጣል። ልጃችሁ ብስክሌተኛም ይሁን ኳስ ተጫዋች፣ ቦርሳው ውስጥ ያለውን ዕቃ እዩ። አፍራችሁ አትለፉ።

ወደ እንጀራው ጥያቄ ልመለስ። ለዚህ ቤት የቀረበ ምሳሌ እያለ ስለ ፈረንጅ ብቻ ማውራት ነውር ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1956 ሜልቦርን ነው። ሯጮች ብቻ ሄዱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ። በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። የግሉን ወርቅ የወሰደው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ከወራት በፊት የሰዓቱን ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነበር። የእኛዎቹ የተሰለፉት ከእሱ ጋር ነው። ገረመው ደንቦባ በ1960 ሮምም ተወዳድሯል፤ ያ ሮም ግን በሁላችንም ልብ የአበበ ቢቂላ ሮም ነው። ሜዳሊያው ወደ ሩጫው ሄደ፣ ስሙም ወደ ሩጫው ሄደ፤ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ቀረ። እነዚያ አራት ሰዎች ግን ከዚያ ያነሰ ነገር የሠሩ አይመስለኝም።

ከዚያ ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ2016፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ላምፕሬ ሜሪዳ ከተባለው የጣሊያን ቡድን ጋር ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሰለፈ። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው እሱ ነው። ጽጋቡ ወደዚያ የደረሰው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ውስጥ ዓመታት ሠርቷል። እዚያ ደረጃ ሲደርስም ሥራው በአብዛኛው ለቡድኑ መሪ መልፋት ነው። ከመኪናው ውኃ አምጥቶ ያድላል፣ ነፋስ ይከፍላል፣ ተራራ ላይ መሪውን ይስባል፤ ከዚያ መሪው ሄዶ ያሸንፋል። ደመወዙ በዚህ ነው የሚከፈለው። አባትየው ይህን ይስማልኝ፦ በዚህ ሙያ የሚኖሩት አብዛኞቹ ዋንጫ ሳያነሱ ነው ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት። እንጀራ ይሆናል፤ ግን በጣም ለጥቂቱ፣ እሱም አገር ለቆ፣ ቋንቋ ተምሮ። ይህ ደግሞ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ የሚችለው አይደለም።

ዋንጫውም ቢሆን የሚገርም ነገር ነው። ፓሪስ ሩቤ የሚባለውን ውድድር ያሸነፈ ሰው የሚሸለመው ከመንገዱ ላይ የወጣ አንድ የድንጋይ ጥርብ ነው። በ2024 ማቲዩ ቫን ደር ፑል በሰዓት 47.8 ኪሎ ሜትር በሆነ አማካይ ፍጥነት ነድቶ ያቺን ድንጋይ ተሸክሞ ሄደ። ጌሬንት ቶማስ በ2018 ያገኘው የቱር ዋንጫ በዚያው ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ ተቀምጦ ሳለ ተሰረቀ። የጎረቤታችን የኤርትራው ቢኒያም ግርማይ ነገር ግን ልብ ይነካል። ግንቦት 2022 የጣሊያኑን ዙር አንድ ቀን አሸንፎ፣ መድረክ ላይ ሻምፓኝ ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን መታው። ዓይኑ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ በማግሥቱ ውድድሩን ተወ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በሰላም ወርዶ በጠርሙስ ክዳን! እግዚአብሔር ይመስገን ዓይኑ ተረፈ። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። የእኛ ልጅ ግድግዳው ላይ የለጠፈው የእሱን ፎቶ ነው፤ እኔም ብሆን እለጥፈው ነበር።

እንግዲህ ለእናትየው ያልኳት ይህን ነው። የኮሌጁ ገንዘብ አይነካ። በአቅም የተገዛ ያገለገለ ብስክሌት ይበቃዋል፤ ጠጋኙ አይቶት፣ ሁለቱም ፍሬን ሠርቶ፣ ጎማው ደህና ከሆነ። ልምምዱ ማለዳ፣ ከክፍል በፊት፣ በከተማው ሰፋፊ መንገድና በታቦር ተራራ ዙሪያ ይሁን፤ ወደ ሻሸመኔ መስመር ብቻውን አይውጣ። በላቸው፣ አሠልጣኝ ያለው ክለብ ይፈልግ፤ ብቻውን ከስልክ ጋር የሚወዳደር ልጅ ይጎዳል። ቁርስ ሳይበላ አይውጣ። «ክብደት ልቀንስ» ብሎ ምግብ መዝለል ከጀመረ ወዲያው ይቁም፤ በዚህ ዕድሜ አጥንት ገና እያደገ ነው።

ሄልሜት ደግሞ ድርድር የለውም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ እምቢ ብለው ነበር፤ ይሞቃል፣ ይከብዳል እያሉ። መጋቢት 2003 የካዛክስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ ፓሪስ ኒስ በተባለው ውድድር ላይ ወድቆ በጭንቅላት ጉዳት ሞተ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። በዚያው ዓመት ግዴታ ሆነ። ሄልሜቱ ግንባር ላይ ወርዶ ይቀመጥ፣ ማሰሪያው አገጭ ሥር ይታሰር፣ አንድ ጊዜ በኃይል ከተመታ ይጣል፤ ውስጡ ተሰንጥቆ ላይታይ ይችላል።

ከወደቀስ? በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ልጁ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ «ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ ቤት ገብቶ ይተኛል። ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ቀስ እያለ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የተመታ ልጅን እስከ ማግሥቱ ድረስ ብቻውን አትተዉት። ለአፍታም ቢሆን ራሱን ከሳተ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ከጠየቀ፣ እጅ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ፣ የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ መድማትን ያብሳሉ። አንገቱን ካመመው አታንቀሳቅሱት፤ በጀርባው እንዳለ ያዙትና አምቡላንስ ጥሩ። ይህችን አንቀጽ ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏት፤ ብስክሌት ለሌለው ልጅም ትሆናለች።