ሽሮ ምን አጠፋ?

ዶዮገና ውስጥ አንድ ሰው «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ካለ ምክሩ ሳይውል ሳያድር ይደርሰዋል፤ በርበሬ ተው፣ ሽሮና ክክ ይቅርብህ፣ ቡናም አቁም፣ ይልቅ ቡላ በወተት ይሠራልህ፣ ተልባ ይበጥበጥልህ። ሕመሙ ካልለቀቀው ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ጥቂት ቀን ይውጣል፣ ሲሻለው ይተወዋል፣ ሲነሳበት ደግሞ ተመልሶ ይገዛል። ሆሳዕናም ዱራሜም ሺንሺቾም ምክሩ ያው ነው፤ አዲስ አበባ ያለ የቢሮ ሠራተኛ የሚሰማውም ከዚህ አይለይም። በቅንነት የሚሰጥ ምክር በመሆኑ መርምሮ የሚጠይቀው የለም። እኔ ግን ሁለት ጥፋት አይበታለሁ። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ የሚከሰው ያልበደለውን ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ኑሮ በእንሰት ላይ በቆመበት አገር ሽሮን ከገበታ ማንሳት በሽተኛውን በሌላ በኩል የሚጎዳው መሆኑ ነው።

ክሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማየት አንድ ጉርሻ ቆጮ በአይብና በጎመን የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይበቃል። ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ መፈጨት የሚጀምረው አፍ ውስጥ፣ ከምራቅ ጋር ሲታኘክ ነው። ጨጓራ በስታርች ላይ ብዙም ሥራ የለውም። የእሱ ድርሻ ምግቡን እያሸ ማላቆጥ፣ አብሮ የገባውን ጀርም በአሲድ መግደልና የአይቡን ፕሮቲን መቆራረጥ መጀመር ነው። ለዚህም በቀን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያመነጫል። አሲዱ የገዛ ግድግዳውን እንዳይበላው ደግሞ ውስጡ በወፍራም ልጋግ ተሸፍኗል። ምግቡ ከ2 እስከ 4 ሰዓት እዚያ ቆይቶ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀቃል። ቆሽት የአሲዱን ኃይል የሚሰብር ፈሳሽና ኢንዛይሞችን ይልክለታል፣ ጉበት የሠራው ሐሞት ቅባቱን ይበታትነዋል፤ 6 ሜትር ገደማ በሚረዝመው በዚህ አንጀት ግድግዳ በኩልም ንጥረ ምግቡ ወደ ደም ይገባል። ያልተፈጨው አሠር ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እዚያ ውኃው ይመጠጣል፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎችም የቀረውን ያብላሉታል።

ሽሮ የሚከሰስበት የሆድ መነፋት የሚፈጠረው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ትንሹ አንጀት ሊሰብራቸው የማይችል የስኳር ዓይነቶች አሏቸው። እነዚህ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎቹ ያብላሏቸውና ጋዝ ይወጣል። ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ሰው መሀል ያሳፍራልም፤ ጨጓራን ግን አያቆስልም። ጥራጥሬውን አስቀድሞ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጋዙን ይቀንሰዋል። ለማስታገሻ የሚታዘዘው ወተትስ? ብዙ አዋቂ ሰው ዕድሜው ከልጅነት ሲያልፍ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ያንስበታል። ለጨጓራው ብሎ አንድ ጣሳ ወተት የጠጣ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሆዱ ቢነፋና ቢያስቀምጠው፣ ጥፋቱ ማታ ወደ በላው ሽሮ ይዞራል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እርጎና አይብ በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ የወተቱን ስኳር በከፊል ባክቴሪያ ቀድሞ በልቶታል ወይም ከአጓቱ ጋር ወጥቷል።

በርበሬም ቢሆን ስሙ የጠፋው ያለ በቂ ማስረጃ ነው። ሚጥሚጣ ስንበላ የሚሰማን ማቃጠል ቁስል አይደለም። ቅመሙ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ሙቀት የሚለዩትን ነርቮች ስለሚቀሰቅስ አንጎል እሳት የነካው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ግራሃም የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን ቃሪያ የበዛበት ምግብ አብልተው በማግስቱ ጨጓራቸውን ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ (በኢንዶስኮፒ) ተመለከቱ፤ ቁስል አላገኙም። የሚገርመው ያለ ቅመም ምግብ በልተው አስፕሪን ሲወስዱ የሆነው ነው፤ በአብዛኞቹ ጨጓራ ውስጥ የተላላጠ ቦታ ታየ። ቆጮስ ኮምጣጣ አይደለም ወይ የሚል ቢኖር፣ በጉድጓድ የቆየ ቆጮ ፒኤች 4 አካባቢ ነው፤ የጨጓራ አሲድ ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል፤ ያውም ባዶ ሆድ ላይ ከዚያ በታች ይሆናል። በዚህ የአሲድ መለኪያ ሁለት ደረጃ መውረድ መቶ እጥፍ መበርታት ማለት ነው። መቶ እጥፍ የበረታ አሲድ ይዞ የሚውል አካል በቆጮ ኮምጣጣነት ይቆስላል ማለት አይመስለኝም።

ታዲያ የሚያቆስለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች ከሕሙማን ጨጓራ የወሰዱትን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አሳደጉ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ባጭሩ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን ሕክምናው ራሱ ቁስሉን በጭንቀት፣ በአሲድ ብዛትና በአመጋገብ ያሳብብ ስለነበር የሚያምናቸው አጡ። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣ፤ በቀናት ውስጥ ማስመለስ ጀመረው፣ ጨጓራውም ተቆጥቶ ታየ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው በዙሪያው አሲዱን የሚያከሽፍ አሞኒያ እየሠራ ልጋጉን ሰርስሮ ይገባና ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ለዓመታት ያስቆጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ከ1994 ጀምሮ ከካንሰር አምጪዎች ተርታ መድቦታል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ተገኝቶበታል። የሚይዘን በአብዛኛው በልጅነታችን፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከአፍ ወደ አፍ ወይም በሰገራ በተበከለ እጅና ውኃ ነው። በሌላ አነጋገር የጨጓራ ቁስል ታሪክ የሚጀምረው ከወጡ ሳይሆን ከምንጩና ከመጸዳጃ ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ በየኪሳችን አለ፤ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን። እነዚህ ሕመም የሚያስታግሡት ሰውነት የሚሠራቸውን አንዳንድ ኬሚካሎች በመግታት ነው፤ ችግሩ ጨጓራ ልጋጉን የሚያድሰው በእነዚያው ኬሚካሎች ትዕዛዝ መሆኑ ነው። እንሰት ስትፍቅ የዋለች፣ የሥሩን ሐምቾ ስትወቅጥ ያመሸች እናት ወገቧን ቢያማት ማን ይፈርድባታል? ኪኒኑን በባዶ ሆድ ትውጣለች፣ በነጋታውም ትደግማለች፤ በሳምንቱ ልቧ ሥር ሲያቃጥላት ግን ጎረቤት የሚጠይቃት ምን እንደዋጠች ሳይሆን ምን እንደበላች ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ አለ፤ «በርበሬና ቡና ስተው ይሻለኛል፣ ስጀምር ይነሳብኛል፤ ይህን ከሰውነቴ በላይ ማን ያውቃል?» ስሜቱ እውነት ነው፤ አላስተባብልም። የተቆጣ ግድግዳና የተቀሰቀሰ ነርቭ ቅመም ሲነካው ያማል፣ ቡናም አሲድ ያስጨምራል። ነገር ግን ሕመሙን የሚቀሰቅስና ቁስሉን የሚያመጣ አንድ አይደሉም፤ የሚቀሰቅሰውን ማራቅ ጊዜያዊ ዕረፍት ይሰጣል እንጂ ባክቴሪያውን ከቦታው አያንቀሳቅሰውም። ምግብ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ጉዳይም አለ፤ ቃር። አሲድ ወደ ጉሮሮ ሽቅብ ሲመለስ የሚሰማው ማቃጠል በብዛት ከመብላት፣ ቅባት ከማብዛትና በልቶ ወዲያው ከመተኛት ጋር ይያያዛል። ቅባት ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋልና በመሳላም ሆነ በያሆዴ በዓል ሰሞን ቅቤ የጠጣ ክትፎ በቆጮ አጥግቦ የበላ ሰው ሌሊት ቃር ቢያስነሳው አይደንቅም። ለእሱ የሚሆነው ምክር ግን ጥቂት ብላ፣ በልተህ ጥቂት ቆይተህ ተኛ የሚል ነው፤ ሽሮ ለዘላለም ተው የሚል አይደለም። ተመርምረው ምንም ቁስል ያልተገኘባቸው፣ ጨጓራቸው በስሜቱ ብቻ የበረታባቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የማይስማማቸውን ለይተው ያውጡት እንጂ ጎረቤት በቃሉ የያዘውን ዝርዝር አይውረሱ።

ዝርዝሩን የምጠላው በከንቱ ስለሚያስጨንቅ ብቻ አይደለም። ቆጮና ቡላ ኃይል ሰጪ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዶዮገና ደጋ ሌላው ሲሳይ ድንችም በአብዛኛው ስታርች ነው። የዶዮገና በግ ስሙ በአገር የታወቀ ቢሆንም ገበሬው በጉን የሚያረባው ለገበያ ነው፤ ሥጋ የበዓል ነው። በአዘቦት ቀን ቆጮውን ሙሉ ምግብ የሚያደርጉት ባቄላው፣ አተሩ፣ ሽሮው፣ አይቡና ጎመኑ ናቸው። እንግዲህ «ጨጓራ አለባት» የተባለች ድሃ እናት ሽሮና ክክ ተከልክላ፣ ጎመኑም ቃሪያ ነክቶታል ተብላ ምን ቀራት? ቡላና ድንች። ሥጋና ዕንቁላል በየቀኑ መግዛት ለሚችል ሰው ክልከላው አመል ነው፤ ለእሷ ግን መክሳት ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ጉዳቱ ከእሷ ያልፋል። ለበሽተኛና ለአራስ የሚሰጠው የቡላ ገንፎ ለጥቂት ቀን ለስላሳ ምግብ ነው፤ ለወራት ብቻውን ከዘለቀ ግን ጾም ይሆናል።

በኦሜፕራዞልም ላይ ቅሬታ አለኝ። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ በትእዛዝ ሲወሰድ ቁስል ያድናል። ያለ ምርመራ በየወሩ ሲመላለስ ግን ሦስት ነገር ያመጣል። ቁስሉን ያመጣውን ትቶ ሕመሙን ይሸፍናል። ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም አሲዱ ከፊተኛው ይበልጥ ስለሚመነጭ ሰውየው በሽታው የተመለሰ መስሎት እንደገና ይገዛል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ አሲዱ ከምግብና ከውኃ ጋር የሚገባውን ጀርም የሚያስቀር ዘበኛ ነውና የቧንቧ ውኃ ባልተዳረሰበት ቀበሌ ይህን ዘበኛ ለወራት ማስተኛት ሌላ የአንጀት በሽታ መጋበዝ ነው። ይህን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚነግር ባለሙያ አለ፤ የሚያዳምጥ ገዢ ግን ያንሳል።

«ግማሻችን ባክቴሪያውን ከተሸከምን ሁሉም ይታከም ልትል ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣል። አይደለም። ከተሸከሙት አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም አይሰማቸውም፤ ቁስል የሚወጣባቸው ከመቶ ከ10 እስከ 20 ያህሉ ናቸው። ለሁሉም አንቲባዮቲክ ቢበተን መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ብቻ እናተርፋለን። የምለው ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ይመርመር ነው፤ ምርመራውም ይመረጥ። በደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን መቼም ይሁን መቼ እንዳገኘው ነው፤ ድኖ ዓመት ያለፈውን ሰውም «አለብህ» ሊለው ይችላል። በሰገራ የሚደረገው የአንቲጅን ምርመራ ግን ዛሬ መኖሩን ይነግራል። ብዙ ሰው «ታክሜ ተመለሰብኝ» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው፤ ወይ አልነበረበትም፣ ወይ አልጠፋለትም። ኦሜፕራዞልን ከአሞክሳሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር አጣምሮ የሚሰጠው የተለመደው ሕክምና እስከ 14 ቀን ይዘልቃል፤ በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ሲለቀው ያቋረጠ ሰው ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን አስቀርቷል። መጥፋቱን ለማረጋገጥም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞሉንም ለ2 ሳምንት አቁሞ፣ ሰገራውን እንደገና ማስመርመር ያስፈልጋል።

ወጪውስ? የሁለት ሳምንቱ መድኃኒት ከአንድ ብልቃጥ ኦሜፕራዞል መወደዱ እውነት ነው። ሆኖም ለዓመታት በየጊዜው የሚገዛው ኦሜፕራዞል ሲደመር፣ ከሥራ የቀሩባቸው ቀኖችም ሲታሰቡ ርካሹ የትኛው እንደሆነ ገበሬ ያሰላዋል። ኢንዶስኮፒ በየጤና ጣቢያው የለም፤ ደግነቱ ለሁሉም አያስፈልግም። ያለ ሰበብ የሚከሳ፣ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ማስመለሱ አልቆም ያለው፣ ደም ያስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ግን ጤና ጣቢያውን አልፎ፣ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ ሆስፒታልም ቢሆን፣ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ድንገት ሆዱ ከበሮ መስሎ የተነፋ፣ ሰገራም ፈስም አልወጣ ያለው ሰው ከሆነ ደግሞ አንጀቱ ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላልና ተልባም ፌጦም ሳይሞከርለት በዚያው ቀን ይወሰድ። የደም ማነስ ኪኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ፤ ብረቱ ያጠቁረዋል፤ ብቻ ኪኒኑን እንደምትውጥ ለምትመረምራት ነርስ ትንገራት።