ቦኖው ተመረቀ ማለት ውሃው ንጹህ ነው ማለት አይደለም



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ችግሩ ግን ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ጥሩ አለመሆኑ ነው። ተቅማጥም ሆነ ታይፎይድ የሚያመጣ ባክቴሪያ በዓይን አይታይም።

እዚህ ደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ሥር ባሉ ቀበሌዎች ብዙ ሰው የሚጠጣው ከጎለበተ ምንጭ፣ ከእጅ ፓምፕ ወይም ከቦኖ ነው። የሚያስተዳድረው ተጠቃሚው የመረጠው የውሃ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ያጥራል፣ ያስጠብቃል፣ ለጥገና ብር ይሰበስባል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ውሃውን ማን ይመረምረዋል?

ፓምፕ ሲበላሽ ሁሉም ይጮኻል። ውሃው ሲበከል ግን የምናውቀው ሕፃናት በተቅማጥ ታመው ሲመጡ ነው። እኛም ኦአርኤስና ዚንክ ሰጥተን ወደዚያው ውሃ እንመልሳቸዋለን። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የውሃ ጥራት ጥናት «የተሻሻለ» ከሚባሉት የውሃ ምንጮች በብዙዎቹ ኢ-ኮላይ ተገኝቷል። ይህ ማለት ውሃው በሰው ወይም በእንስሳት ዓይነ ምድር ተበክሏል ማለት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ዎከርተን በምትባል ትንሽ የካናዳ ከተማ ከባድ ዝናብ የከብት እበት አጥቦ ወደ ውሃ ጉድጓዱ አስገባ። ሠራተኞቹ ክሎሪኑን በአግባቡ ሳይለኩ የለኩ አስመስለው ይመዘግቡ ነበር። 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,000 በላይ ታመመ። ከብት በሞላበት በእኛ ደጋ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሄው አደጋ አለ።

በእኔ እምነት ሦስት ነገር ግዴታ መሆን አለበት፦

1. ክሎሪን የሚጨመርበት ውሃ በየቀኑ ይለካ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ክሎሪን ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 0.5፣ ቦኖው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር መቅረት አለበት። መለኪያው ቀላል ነው፤ ክኒኗ ስትሟሟ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል።

2. ውጤቱ እንደ እድር መዋጮ በደብተር ይጻፍ፣ ለሕዝብም ይለጠፍ።

3. ውሃውን የሚያስተዳድረው አካል ራሱን አይቆጣጠር። የጤና ባለሙያ ሳይነግር መጥቶ ይመርምር፤ አጥሩን፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዩን፣ በአቅራቢያ ያለውን መጸዳጃ ቤትም ይይ።

«ወጪውስ?» ትሉኝ ይሆናል። የውሃ ክፍያው የፓምፕ ዕቃ ከገዛ ክሎሪንም መግዛት አለበት። የማይመረመር ውሃ ርካሽ አይደለም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው የታመመው ቤተሰብ ነው።

እስከዚያው ግን ውሃውን ካልተማመናችሁበት አፍሉት። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁ። ገጠር ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ ዛሬ ደውሉና «ቦኖው መቼ ተመረመረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።