ወንድ ልጅ ነጠላ አልብሰን እስከ መቼ?

የድራማ ክበባችን በዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ሳታነቡት አልቀራችሁም። «የእንጀራ እናት ሆና የምትጫወት ሴት እጩ መምህር ትፈለጋለች» ይላል። ከተለጠፈ አሥር ቀን ሆነው። እስካሁን ስሟን ያስመዘገበች አንዲትም ሴት የለችም። ትናንት ማታ በተደረገው ስብሰባ ላይ ታዲያ አንዱ ጓደኛችን «ምን ችግር አለው፣ እኔ ነጠላ ተከናንቤ እጫወተዋለሁ» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ። ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ነጠላ የተከናነበ ወንድ በእኛ አገር መድረክ ላይ አዲስ ነገር አይደለማ!

በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች መሆናቸው የታወቀ ነው። ሻሽ ያስራሉ፣ ቀሚስ ያጠልቃሉ፣ ድምፃቸውን ያቀጥናሉ። ሴቷ ወደ መድረክ ያልወጣችው ችሎታ አጥታ አልነበረም፤ በሰው ፊት የምትጫወት ሴት ስሟ በክፉ ስለሚነሳ ነበር እንጂ። ይህን አጥር ጥሰው ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አርቲስት አስናቀች ወርቁ ናቸው። በ1940ዎቹ መድረክ ላይ ወጡ፤ በክራራቸውም በተዋናይነታቸውም ስም አተረፉ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤትም ረጅም ዘመን ሠሩ። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወር ሲያርፉ ብዙ ሰው አዘነ። ለቅሶ ላይማ ሁላችንም ደጎች ነን። በወጣትነታቸው ዘመን መድረክ ላይ የወጣች ሴት ምን ትባል እንደነበር ግን እስኪ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

ነገሬ ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ነው። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ተከታታይ ድራማ በየቤቱ ሰው ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ነገር ሆኖ የታየው ግን ከ2000 ዓ.ም. በኋላ፣ እነ «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ሲመጡ ይመስለኛል። ተከታታይ ድራማ ከመድረክ ቴአትር የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በመድረክ ላይ ተዋናይቱ ሁለት ሰዓት ክፉ ሆና ትጫወታለች፤ መጋረጃው ሲዘጋ ከጓዶቿ ጋር ወጥታ እጅ ትነሳለች፤ ተመልካቹም ያጨበጭብና «ለካ ጨዋታ ነው» ብሎ ይሄዳል። በተከታታይ ድራማ መጋረጃ የለም። ያቺው ሴት በየሳምንቱ፣ ለዓመትና ለሁለት ዓመት ቤታችን ትገባለች። እራት እየበላን እናያታለን። ቀረጻው እንደምናየው በቅደም ተከተል የሚሄድ አይደለም፤ ጧት የልቅሶውን፣ ከሰዓት የሠርጉን ሊቀርጹ ይችላሉ። እኛ ግን ኑሮዋን ሙሉ የተከተልናት ይመስለናል። ስለዚህ ገበያ ስናገኛት በእናትና አባቷ ባወጡላት ስም ሳይሆን በድራማው ስም እንጠራታለን።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። በ«ሰው ለሰው» አርቲስት አበበ ባልቻ አስናቀን ሆነው ተጫውተዋል። አስናቀ ምን ያህል ክፉ ሰው እንደነበር የተከታተለ ያውቀዋል። እኔ ያኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ፤ ሆኖም የሰፈራችን ወንዶች «አስናቀ» መባልን እንደ ማዕረግ ሲቆጥሩት ትዝ ይለኛል። ወንድ ክፉ ሆኖ ሲጫወት «ወይ ችሎታ!» ይባላል። ሴት ክፉ ሆና ስትጫወትስ? «እሷማ ድሮም ፊቷ ያስታውቃል» እንላለን። ኧረ እባካችሁ! ፊቷ ምን አደረገን?

በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ላይ አርቲስት ድርብወርቅ ሰይፉ እናናን ሆነው ሲጫወቱ እናቴ «እድሜ ይስጥሽ» እያለች ነበር የምታያቸው። ምርቃቱ የሚገባ ነው፤ በበኩሌ እንደ እናና ያለ ገጸ ባሕርይ አላየሁም። የድራማው ደራሲዎች ሴቶች መሆናቸው፣ ከእነሱም አንዷ ራሷ ተዋናይት የሆነችው አዜብ ወርቁ መሆኗ ደግሞ ሊጤን የሚገባው ነው፤ ሴት ስትጽፍ ለሴት የሚሰጠው ሥራ ከምራቷ ጋር መጣላት ብቻ እንደማይሆን አይተናል። ግን ይህችው እናቴ፣ በሌላ ድራማ ላይ ባል ቀሚን ሆና የተጫወተችውን ልጅ «ልጄን እንዲህ ያለች አታግባብኝ» ስትል ሰምቻለሁ። ሁለቱም ያጠኑትን ቃል ነው የተናገሩት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ባለፈው ሴሚስተር የእንጀራ እናቷን የተጫወተችው የክፍላችን ልጅ ናት። ከዘጌ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቡና ስታፈላ እንኳ ድምፅ የማታሰማ። ያን ቀን መድረክ ላይ የእንጀራ ልጇን ስትቆጣ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላ የተቀመጡ እናቶች ምላሳቸውን ነከሱ። ድንቅ ነበረች። በማግስቱ ምግብ ቤት ተሰልፋ ሳለ አንዱ «እንጀራ እናት! ለእኛም ቆርሰሽ ስጪን እንጂ» አላት። ተሳቀ። ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት የለም። አንድ እሁድ ማታ ጣና ዳር፣ ታንኳዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ አገኘኋትና፣ አልዋሽም፣ እኔም በዚያው ስም ጠራኋት። ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደ ክበቡ አልተመለሰችም።

አንዳንዶች «ሰው መሳደቡ በደንብ መጫወቷን ያሳያል፣ ሊያስደስታት ይገባል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ስድቡ ያልደረሰባቸው ናቸው። ደግሞም የተሰደበችው ብቻ አይደለችም የተጎዳችው፤ ማስታወቂያውን አንብበው ያለፉት ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ያንን የምግብ ቤት ሰልፍ አይተዋል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የአገራችን ተዋንያን «ሥራችን ይጠፋል» ብለው ተቃውመው ነበር። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ለአገር ውስጧ ተዋናይት እኛ ራሳችን በየሰፈሩ፣ በየምግብ ቤቱ ያደረግንላት ነገር ነው።

የዛሬ ዓመት ሁለት ዓመት እያንዳንዳችን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና ድራማ ክበብ እንድንመራ መባላችን አይቀርም። አምስተኛ ክፍል ያለች አንዲት ልጅ ጠንቋይ ሆና ትጫወትና በማግስቱ ልጆች «ጠንቋይ» እያሉ እስከ ቤቷ ይከተሏታል። ያኔ መምህሩ እኛ ነን። ምን እንላቸዋለን? ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት ወንድ ልጅ ሻሽ እናስራለን?

ነጠላ እለብሳለሁ ያለው ጓደኛችን ቅን ልጅ ነው፣ አልነቅፈውም። ትዕይንቱ እንዳይቀር ብሎ ነው። ሆኖም እሱ ነጠላውን ከመልበሱ በፊት ትናንት ከምሳ በኋላ ወደ ልጅቷ ሄጄ፣ በስሟ ጠርቼ፣ ጣና ዳር ስላልኩት ነገር ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ክበቡም እንደሚፈልጋት ነገርኳት። «እኔ ብመጣ ምግብ ቤት ማን ሊሰለፍልኝ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልምምዱ ሐሙስ በ11 ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያውም እንደተለጠፈ ነው።